አንድ ቁና ገብስ ለበልግ፦ የአቶ ሸጋው ውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሸጋው ውዱ ከአባታቸው ከአቶ ውዱ ሰጠኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል፣ በላስታ ከአሸተን ማርያም ሥር በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ሲጀምሩ አባታቸው ስላረፉ ገና በጉርምስናቸው ሞፈር ጨበጡ።

በ1934 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሃረግን በተክሊል አገቡ። በ1937 ዓ.ም. ግንቦት የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ የበልጉ ገብስ ለእሸት ደርሶ ነበርና ዓለምእሸት አሏት። ሞላ ተከተላት።

ያን ጊዜ በልግ ራሱን የቻለ አዝመራ ነበር፤ ጥር የዘራ ሰኔ ያጭዳል። ክረምቱም ለሰኔ ሚካኤል ከገባ እስከ መስቀል ንቅንቅ አይልም። እያደር ግን ዝናቡ ሳሳ። በልጉ አንዳንዱን ዓመት አቧራ እንኳ ሳያጠፋ ያልፋል፤ ክረምቱም ከሐምሌ አቦ ወዲህ ገብቶ በፍልሰታ ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ በልግ መዝራት ሲተው እሳቸው አልተዉም። እልኸኛ ነበሩ፤ ምን ይደበቃል፣ ልጃቸውም የወረሰችው እሱን ነው። «በልግ ያሳደገኝ ነው፤ ደከመ ብዬ ፊቴን አላዞርበትም» ሲሉ፣ ባለቤታቸው «እንግዲያው እሱው ያብላዎት!» ይሏቸው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ጥር፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ ከጎታው የቀረው ዘር ገብስ ብቻ ነበር። አቶ ሸጋው ዳመና አይተው ሊዘሩ ተነሱ። ወይዘሮ የሺሃረግ የጎታውን አፍ በጭቃ መርገው ፊቱ ተቀመጡ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረመስቀል ግማሹ ለበልግ፣ ግማሹ ለክረምት ይሁን ብለው አስታረቁ። የባል ግማሽ አቧራ ውስጥ ቀረ። ቤተሰቡ በእርዳታ ስንዴ ከርሞ፣ ሐምሌ የተዘራው የሚስት ግማሽ ቤቱን ዳግመኛ ለዘር አበቃው።

አቶ ሸጋውም «እውነትሽን ነው፣ የሺ» ብለው ጎታውን ለቀቁላቸው። ለራሳቸው ያስቀሩት በየዓመቱ ለበልግ የሚዘሯትን አንዲት ቁና ነው። ሰው ሲስቅባቸው፣ «ዝናቡ ቢመጣ ባዶ እርሻ አይቶ እንዳይመለስ ነው» ይላሉ። በ1979 ዓ.ም. እውነትም መጣ። የሳቀባቸውን ሰው ደጅ ሁሉ እየዞሩ እሸት አደሉ።

የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት የሆኑት አቶ ሸጋው በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥር 24 ቀን 1981 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። የዘንድሮዋን ቁና አልዘሯትም።

ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ስለዚያች ቁና ሲጨቃጨቁ የኖሩት ወይዘሮ የሺሃረግ ጎታውን ከፍተው ገብሱን አንድ ቁና ሰፈሩና ለሞላ ሰጡት። «ከቀብር ስትመለስ ዝራላቸው» አሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን ዝናብ ከማይጠፋበት፣ እሸት ከማያልቅበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም በልጉን ይመልስልን። አሜን።