ከወለሉ በታች ያለው ድንጋይ

ሰኞ፣ የካቲት 9

አልፈርምም አልኩት። ታናሽ ወንድሜ ጋሻው ወረቀቱን ስፌት መኪናዬ ላይ ትቶት ሄደ። እሱ ያመጣው ገማች ከአባታችን የወረስነውን ቤት በግማሽ ሰዓት ለክቶ "አሮጌ የጭቃ ቤት" ብሎ ጽፏል። ሽማግሌዎች ፊት የተስማማነው ጋሻው ቤቱን ሊያስቀር፣ ለእኔ የግምቱን ግማሽ ሊሰጠኝ ነው። በዚህ ግማሽ ይቺን የተከራየኋትን ስፌት ቤት አልገዛትም። ባለቤቷ ደግሞ እስከ ወር መጨረሻ ካልገዛሽ ለሌላ እሸጣለሁ ብሎኛል። አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁባት ናት። ጾም የገባው ዛሬ ነው፤ ንዴት የሚያስገድፍ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ገድፌ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የራሴን ገማች ስፈልግ ዋልኩ። ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ።

የመጀመሪያው ክፍያዬ ከግምቱ ላይ በመቶኛ ነው አለኝ። ግምቱን ባስወደደ ቁጥር ኪሱ ይሞላል። ለእኔ የሚመች ይመስላል፣ ግን ይህን የሰማ ሽማግሌ ወረቀቱን ያምነዋል? ተውኩት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ቤቱን ሳያይ በፎቶ ሊገምትልኝ!

ሦስተኛዋ ደብረ ታቦር የምትሠራ ሴት ናት። ዋጋዋ ቁርጥ ነው፤ ቤቱ ቢወደድም ቢረክስም አይለወጥም። መሳፈሪያዋ ለብቻ። ማስቆፈር ካስፈለገ ቆፋሪውን የምከፍለው እኔ። ይህን ሁሉ ጽፋ፣ የሥራ ፈቃዷን ጨምራ ሳልጠይቃት ላከችልኝ። ውድ ናት፤ የሁለት ሳምንት ስፌቴ ገባበት ማለት ነው። ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ክረምት የጎርፉ ውኃ እስከ የት ይደርሳል ብላ ነው። የጋሻው ሰውዬ እንዲህ ብሎ አልጠየቀም። እሷን ያዝኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ጋሻው ሰምቶ መጣ። ለምን ገንዘብ ታባክኛለሽ፣ አንድ ገማች አይበቃም ወይ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እቴ፣ ሌባ እያልሽኝ ነው?" አለኝ።

"አላልኩህም። ሰውየው ግን ቤቱን ከወለሉ በላይ ብቻ ነው ያየው።"

አልገባውም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ውኃ ቤታችን ገብቶ አልጋ አንሳፎ ነበር። አባዬ ቤቱን አፈረሰና ሁለት በጋ ሙሉ ቦታውን በድንጋይ አስሞላ፤ ቤቱን እላዩ ላይ መልሶ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲሆን እኛ ደጅ ደረቅ ነው። ጋሻው ያኔ አንበሳሜ ከተማ አክስታችን ጋ ሆኖ ይማር ነበር። ሲመለስ ያለቀ ቤት ነው ያገኘው።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ገማቿ መጣች። ከጓሮው ግድግዳ ሥር አስቆፈረች። ቆፋሪው እስከ ደረቱ ገባ፣ ድንጋዩ አላልቅ አለ። እሷም በየስንዝሩ ትጽፋለች። ጋሻው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ድንጋዩን ሲያይ ቆየ።

"ይሄን ሁሉ ማን ተሸከመው?"

"እኔና እማዬ።"

የገማቿን ክፍያ ግማሹን ልክፈል አለኝ። እምቢ አልኩት። የኔን ገማች እኔ እከፍላለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ወረቀቱ ደረሰ። ቤቱን ለብቻ፣ የድንጋይ ሙሌቱን ለብቻ ጽፋዋለች። ግድግዳውን እንደዚያኛው ገማች አርክሳዋለች፤ ከፋኝ፣ ግን ምስጥ እንደበላው እኔም አውቃለሁ። ግምቱን ከፍ ያደረገው ድንጋዩ ነው። ግማሹ ስፌት ቤቴን ይገዛልኛል።

ጋሻው አንብቦ በዛ አለ።

"እሺ፣ ከበዛብህ በአንተ ገማች ዋጋ ቤቱን እኔ ላስቀረው። ግማሹን ለአንተ ልስጥህ" አልኩት።

ነገ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ ብሎ ተነሣ። በየትኛው ወረቀት እንደሚፈርም አልነገረኝም፤ አጥፎ ኪሱ የከተተው ግን የኔን ነው። እሺ፣ ቤቱን አንቺ ውሰጂው ቢለኝ ኖሮ ግማሹን ከየት እንደማመጣ እግዜር ይወቅ።