ሦስት ዓመት ያቆየሁት ጥርስ

ኅዳር 2፣ ማለዳ

በጨው ውሃ ተጉመጠመጥሁ። ዛሬም ደም አለው። ቂጣዬን በቀኝ በኩል ብቻ አላምጬ ጨረስሁ።

ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርሁትን ላንቺ ልጻፍ። ይህን ጥርስ ያላስነቀልሁት ፈርቼ አይደለም። ስለሚጠቅመኝ ነው። የነፍስ አባቴ መቼ ነው የምትቆርበው ባሉኝ ቁጥር፣ አባ፣ ድዴ እየደማ እንዴት ብዬ? እላለሁ። ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም። እሳቸውም ይተዉኛል። ይደማል፣ ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

እውነቱ ይኸው። ጥሩወርቅ፣ ባለቤቴ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ታማ ሳለች እህቷን የሻረግን እንድጠራላት ለመነችኝ። ተኳርፈው ነበር። ታርቄያት ልሙት አለች። እኔ ግን በየሻረግ ቂም ይዤ ነበር፤ በሰርግ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እህቴን ከዘመድ የለየ ብላኛለች። አልላክሁባትም። ለጥሩወርቅ ግን ላክሁባት፣ አልመጣም አለች አልኋት። ፊቷን አዞረች። በማግስቱ አረፈች።

ለቅሶው ላይ የሻረግ ክንዴን ይዛ፣ አልጠራችኝም? አለች። አልጠራችሽም አልኋት።

በዚህ አፍ ነው ሥጋ ወደሙን የምቀበል?

ኅዳር 4፣ 8 ሰዓት

ልጄ ብርቱካን ደወለች። ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት። አባ ነግረዋታል መሰል፣ እዚያው ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች። ከነገ ወዲያ። ጤፉ አልታጨደም አልኋት።

«አባዬ፣ ጤፉ ጥርስ የለው፣ አያመው፤ ይቆይዎታል» አለች።

ሳቅሁ። ሲጠዘጥዘኝ አቆምሁ።

ኅዳር 6

ቡሬ መናኸሪያ ድረስ ሄድሁ። መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና የለም። ደስ አለኝ።

ማታ ጉንጬ አበጠ። ደስታዬ አሳፈረኝ። ብርቱካን የነገረችኝን ክኒን ገዝቼ ጀመርሁ።

ኅዳር 9፣ ማታ

መንገዱ ተከፈተ። እብጠቱም ጎደለ። ሰበብ አለቀ። ሄድሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ እጁ ቀዝቃዛ። ራጁን በብርሃን አሳየኝ፤ ከሥሩ ጠቁሯል። ከሦስት ዓመት በፊት ቢመጡ ሞልተነው ይተርፍ ነበር፣ ምን ይዞዎት ነው አባባ? አለኝ። አፌ ተከፍቷል። ብርቱካን ከጎኔ ቆማ፣ ፈርተው ነው፣ አባዬ መርፌ አይወዱም አለችለት። ተሳሳቁ። እንዲስቁ ተውኋቸው። ይኸው፣ አፌን ከፍቼም ዋሸሁ።

ማደንዘዣ ወጋኝ። ጉጠቱን አስገባ። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ፣ ራስ ቅሌ ውስጥ። አላመመኝም። ያ ነው የከፋኝ። አንድ ነገር ሊያመኝ ይገባ ነበር።

ጥጥ አስነከሰኝ። ትኩስ የለም፣ ጠላ የለም፣ ምራቅ መትፋት የለም፣ ለአንድ ሰዓት ወሬም የለም። እስከ ቡሬ ድረስ ታዝዤ ዝም አልሁ።

ኅዳር 11

ተጉመጠመጥሁ። ውሃው ነጭ ነው። ደጋግሜ አየሁት።

አባን ቤ/ክ በር ላይ አገኘኋቸው። ጉንጬን አይተው፣ «እሰይ! እንግዲህ ምን ቀረህ? ሌላ የሚደማ ጥርስ እንዳትፈልግ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የምናዘዘው አለ፣ ግን አስቀድሜ የምነግራት ሰው አለች አልኋቸው። ሳቃቸውን ተዉ። ማን ብለው አልጠየቁኝም።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትቆማለህ?»

ነገ ሚካኤል ነው፣ በበዓል ሰው አላስለቅስም አልሁ። ሰበብ እንደሆነ እየጻፍሁት አወቅሁ። ከነገ ወዲያ ግን እሄዳለሁ።

ኅዳር 13፣ 11 ሰዓት

የሻረግ ቤት ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ነው። ደጇ ላይ በርበሬ አስጥታ ትለቅማለች። ከለቅሶው ወዲህ ደጇን አልረገጥሁም። ቀና አለች። አልተነሣችም።

«አያ ታፈረ፣ ጉንጭዎ ምን ሆነ?»

ጥርስ አስነቅዬ ነው አልኋት።

«ምላስዎ ቢሆን ይሻል ነበር።»

ያን ካለች በኋላ ቀለለኝ። ቆሜ ነገርኋት። ጠርታሽ ነበር፣ ያልላክሁብሽ እኔ ነኝ። እጇ በርበሬው ላይ ቀረ። በምን ቃል ነው የጠራችኝ? አለች። ታርቄያት ልሙት ብላ፣ አልኋት። ድገምልኝ አለች፤ አንቱታውን ትታ። ደገምሁ።

ያ አልከበደኝም። የከበደኝ ሁለተኛው ነው። አልመጣም ብለሻል ብዬ እንደነገርኋት ነገርኋት።

«እህቴ እምቢ አለችኝ ብላ ሞተች?»

አዎ አልሁ።

ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ጩኸቷ መጣ፣ ልክ ሬሳው ዛሬ የወጣ ያህል። ልሂድ ብዬ ዞርሁ፣ ተመልሼ ደጇ ላይ ቆምሁ። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን እያጣፉ ሮጠው መጡ። ማን ሞተ? ምን አደረጓት? ብለው ከበቡኝ። ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ለእነሱም ነገርኋቸው።