በድብዳቡ ውስጥ የተሰፋው ክታብ

ማክሰኞ

ላቡ ሁሉን ተናገረ። ዛሬ ዳማን ከግልቢያ መልሼ ኮርቻውን ሳወርድ ጀርባው በሙሉ በላብ ርሷል፤ ከአከርካሪው በስተግራ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ደረቅ ሆና ቀርታለች። በቢቸና ኮርቻ ይሠራ የነበረው አባቴ፣ ላብ ያልወጣበት ቦታ የታፈነ ቦታ ነው ይለኝ ነበር። ጣቴን ሳሳርፍበት ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ሸሸኝ።

ለጋሽ አንዳርጌ ነገርኳቸው። የዳማ ባለቤት፣ እኔንም የቀጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። እሑድ ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ሙሽራው ሙሽሪትን ለማምጣት የሚሄደው በዳማ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ገዝተህ ጨምርበት አሉኝ። ስፖንጅ በተጨመረ ቁጥር ኮርቻው ይበልጥ እንደሚያስጨንቀው፣ በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ እንደ መልበስ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እኔን አያስተምረኝም ብለው ሄዱ።

የዳማ ጀርባ ግን የስንተኛ ክፍል እጅ እንደሚዳስሰው አይጠይቅም።

ረቡዕ

ሞጣ ገበያ ወጣሁ። ስፖንጁን አልገዛሁም። የመረጥኩት ይህን ነው፦

ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ፤ ጠጉሩ ወደ ፈረሱ የሚውል።
ከላዩ የሚነጠፍ፣ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ።
ሰፊ የጥጥ መቀነቻ፤ የናይለኑ ገመድ ሆዱን ይበላዋል።

ፈረስ ለጌጥ የሚለብሰውን፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለውን ግላስ ተውኩት። ያምራል፤ ነገር ግን የስፌቱ ቋጠሮ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። የበጉን ቆዳ በጉንጬ ሳሻሸው ሻጩ፣ «ለፈረስ ነው ወይስ ለራስህ ትራስ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሐሙስ

አዲሱን ቆዳ አንጥፌ፣ በላዩ ከኮርቻው ሥር የሚውለውን አሮጌ ድብዳብ፣ ከዚያም ኮርቻውን አድርጌ ሰው ሳይቀመጥበት አስኬድኩት። ደረቋ ቦታ እዚያው ናት። ይባስ ብላ አብጣለች። ስለዚህ ጥፋቱ የድብዳቡ መሆን አለበት። ስዳስሰው ከሱፉ መካከል እንደ ጠጠር የሚጠነክር ነገር አገኘሁ። በወስፌ ስፌቱን ፈታሁት። በቆዳ የተለበጠ፣ አራት ማዕዘን ክታብ ወጣ።

ለሠራተኞቹ አሳየኋቸው። ያሰፉት የጋሽ አንዳርጌ እናት፣ እማማ የሺ መሆናቸውን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። አንገቱ ላይ ቢታሰር ሰው አይቶ ይመቀኛል በማለት፣ ፈረሱንም ተቀማጩንም እንዲጠብቅ በመካከላቸው አሰፉት። ከሰው ዓይን ሊያድነው የተሰፋው ክታብ ጀርባውን ገጠበው።

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አኖርኩት። መልሼ ግን አልሰፋውም።

ዓርብ

ጋሽ አንዳርጌ ሰሙ። «አንተ ልየው፣ ከቢቸና ድረስ የመጣኸው የቤቴን ጥበቃ ልትተረትር ነው?» አሉኝ። እስከ ነገ ካልሰፋሁት ከነጓዜ እንድወጣ ነገሩኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች ደግሞ ዳማ ቢታመም ዓይኑ የልየው ነው እንደሚባል ሹክ አሉኝ። ቡዳ የሚል ስም ከወጣብኝ በሞጣ ማን ያሠራኛል? ባዶ እጄን ብመለስስ እናቴ ምን ትላለች?

ቢሆንም እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ክታቡን የፈለጉት ቦታ ይሰሩለት። ጀርባው ላይ ግን ክታብም ኮርቻም አልጭንም። እሑድም አልጭንም።»

ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ቅዳሜ

እማማ የሺ ራሳቸው ወደ ጋጣው መጡ። ክታቡን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቁጣ ስጠብቅ፣ የቆሰለው የቱ ጋ ነው አሉኝ። አሳየኋቸው። እጃቸውን ቢያሳርፉበት ዳማ ተሸማቀቀ፤ እርሳቸውም እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«እዚህ ላይ ነው ያሰፋሁት?»

«አዎ፣ እማማ።»

ክታቡን እያገላበጡ፣ «ታዲያ የት እንሸሽገው?» አሉ።

በደረቱ ላይ የሚታሰረውን ጌጥ አሳየኋቸው። ከቀዩ የክር ዘርፍ ጀርባ ቢሰፋ ማንም አያየውም፤ ኮርቻም አይጫነውም። በእኔ ወስፌ፣ በእርሳቸው ክር ሰፋነው። ለልጃቸው ለጋሽ አንዳርጌ ምን እንዳሉ አላውቅም። ለማንኛውም ጓዜን ቋጥሬአለሁ።

እሑድ

ሙሽራው በባጃጅ ሄደ። ዳማ ያለ ኮርቻ፣ በደረቱ ጌጥ ብቻ አጊጦ፣ በእኔ እጅ እየተሳበ ከፊት ቀደመ። ከአጃቢዎቹ አንዱ፣ «ፈረሱ ሚዜ ሆነ እንዴ?» ሲል ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ አንዳርጌ ፊታቸውን አዞሩ። አፈርኩ፤ አንገቴን ግን አልደፋሁም። ዳማ ሳያነክስ ሄደ፣ ሳያነክስ ተመለሰ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሰኞ

እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል። ጠዋት ጋሽ አንዳርጌ መጡና መዳፋቸውን በጀርባው ላይ አሳለፉ። መቼ እንደሚጫን ጠየቁኝ። አሥር ቀን ይፈልጋል አልኳቸው።

«እንግዲያስ አሥር ቀን ትቆያለህ» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላስ? እርሳቸው አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በአሥረኛው ቀን ጀርባው ካልዳነ ግን አሥራ አንደኛውን እጨምራለሁ።