ኤይኖ ያሰረው መንጠቆ

ውድ አይሊ፤

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። መጋቢት ላይ መጥተሽ አባትሽ ይቆምበት ከነበረው መጋዝ ቤቱ አጠገብ ካለው የወንዙ ኩሬ ዳር ከእኔ ጋር ልትቆሚ አስበሻልና፣ እሱ መንጠቆና ማጥመጃ የሚሆነውን የዓሣ ዕንቁላል እንዴት ያስር እንደነበር ጽፌ እንድልክልሽ ፈልገሻል። ሌላውን ከፊርማሽ በታች በደቃቅ ጽሕፈት አስገብተሽዋል፦ «አባቴ ወንዙ ውስጥ የገባው ሆን ብሎ ነው?» ሰባተኛ ክፍል ሳስተምርሽም ከባዱን ጥያቄ የምታነሺው ደወል ሊደወል ሲል ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሁለተኛውን የሚመልሰው እሱ ነው።

መንጠቆ ስትገዢ ቁጥሩ እንዳያሳስትሽ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ወንዙ ጎድሎ ጠጠሩ በሚታይበት ቀን ቁጥር አራት ይበቃሻል። ዝናብ ጥሎ ውኃው ሻይ ሲመስል ቁጥር አንድ ያዢ። ከባሕር ተመልሶ ወንዝ የሚወጣው ስቲልሄድ የሚባለው ዓሣ አፉ አጥንት ነው፤ ደነዝ መንጠቆ አይገባለትም። ጫፉን አውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ጎተት አድርጊው። ከተንሸራተተ ሞርጂው፤ ከያዘ ተዪው። ከጫፉ ኋላ ያለችውን እሾህ በጉጠት ደፍጥጫት። እርባታ ጣቢያ የተፈለፈለ ዓሣ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ትቆረጥበታለች፤ ያልተቆረጠችበት የዱር ስለሆነ በሕይወት መመለስ አለበት፤ እሾህ ያለው መንጠቆ ግን ሲወጣ ሥጋውን ይዞ ይወጣል።

ለቋጠሮው ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፈሽ ግንዱ ላይ አስተኚው። ግንዱን በክሩ አሥር ጊዜ ጠቅልዪ፤ አንዱ ጥቅል ሌላው ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ በዓይኑ አስገብተሽ ስድስት ጊዜ ደግመሽ ጠቅልዪ። በምራቅሽ አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። በደረቁ ከሳብሽው ክሩ ይቃጠላል። አሁን ክሩን ወደ ዓይኑ መልሰሽ ስትገፊው ትንሽ ቀለበት ይከፈታል። ዕንቁላሉ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከነሽፋኑ ተቆርጦ፣ በጠራ ውኃ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ በደፈረሰ ውኃ የዚያ እጥፍ። ክሩን ስትስቢ ቀለበቱ ይጠብቅበታል። መንጠቆው ላይ አትሰኪው፤ ይፈሳል። ጨው ነክቶት አንድ ቀን ያላደረ ዕንቁላልም ሁለት ጊዜ ስትወረውሪው ባዶ ሽፋን ይሆናል።

የወንዛችንን ልማድ አልረሳሽውም። የዓሣው ባለቤት ዘንጉን የያዘው ሰው ሳይሆን መንጠቆውን ያሰረው እጅ ነው። ያንን ትልቅ ዓሣ አርባ ደቂቃ ታግሎ ያወጣው አባትሽ ነበር፤ ይዛው ፎቶ የተነሳችው ግን እናትሽ ናት። እሷ ነበረች ያሰረችው።

ባለፈው ዓመት ጥር፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባትሽ ኤይኖ አንድ ፓኮ መንጠቆ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቴ መጣ። እጁ ምን ያህል ይንቀጠቀጥ እንደነበር ታውቂያለሽ።

«መምህር፣ አንድ ደርዘን እሰርልኝ።»

«ዓሣው የእኔ ይሆናላ!»

«ውሰደው! እኔ ሲጎትተኝ ይበቃኛል።»

ማሰር ነበረብኝ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ወንበር ስቤ፣ «ቁጭ በል፤ ራስህ ታስራለህ» አልኩት። ክብሩን የጠበቅኩለት መስሎኝ ነበር። አሰረ። ጥቅሉ ተደራረበ። መቀሱን አንስቼ ቆረጥኩት።

«እንደገና።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ከደሞዝህ ነው እንጂ ከማስተማርህ አይደለም!»

«እንደገና።»

ስድስተኛው ላይ ሳቀ። አሥራ አንደኛው ላይ መንጠቆው አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። ደሙን ሱሪው ላይ ጠርጎ አሥራ ሁለተኛውን አነሳ። አሥራ ሁለተኛው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓሣ ይይዝ ነበር። ሁለት ጥቅል ስለተነካካ ብቻ ቆረጥኩት።

ጃኬቱን ሲለብስ፣ «በል ነገ ጠዋት እንደተለመደው» አለኝ።

«ሦስት ደህና ቋጠሮ በተከታታይ እስክታስር ድረስ ከእኔ ጋር ወደ ወንዙ አትወርድም» አልኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ወርደናል። ቀና ብሎ አየኝ። ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልቀለደም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ደወለ። «ሦስት አስሬያለሁ። ና እይና ማርክ ስጠኝ» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

«አንተ አምጣቸውና አያቸዋለሁ» አልኩት። ቁርስ እየበላሁ ነበር።

«ተወው፣ ዓሣው ራሱ ያርመዋል» ብሎ ዘጋው።

ብቻውን የወረደው ለዚህ ነው።

ፖሊሶቹ የነገሩሽን አውቃለሁ። የታመመ ሰው፣ ብቻውን ወርዶ የማያውቅ፣ ምርኩዙን ፒካፑ ላይ ትቶ የገባ። እነሱ ሲደምሩት «ሆን ብሎ ነው» የሚል መልስ ወጣላቸው። ምርኩዙን ግን ከገና ወዲህ ይዞት ገብቶ አያውቅም። ሁለቱም እጆቹ ዘንጉን ለመያዝ ያስፈልጉት ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በሞተ በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲጎድል፣ ከኩሬው በታች የተከመሩት ግንዶች ሥር ዘንጉን አገኘሁት። ክሩ ተወጥሮ ወደ ግንዶቹ ውስጥ ይገባል። ሳብኩት። ጫፉ ላይ አንዲት ዓሣ ነበረች፤ ሞታለች። እንስት ናት፣ ክንዴን የምታህል፣ የጀርባዋ ክንፍ ያልተቆረጠ። መንጠቆው ልክ መንጋጋዋ ጥግ ላይ፣ መግባት ያለበት ቦታ ገብቷል። ጥቅሎቹን ቆጠርኳቸው። አሥር፣ ከዚያ ስድስት። አንዱም አንዱን አልነካም።

ዓሣዋ ወደ ታች ስትሮጥ ተከትሏት ገብቷል፣ አይሊ። ዘንጉን መልቀቅ ነበረበት፤ አልለቀቀም። ቋጠሮው ቢላቀቅ ኖሮ አባትሽ ዳር ቆሞ ይሳደብ ነበር።

መንጠቆውን ከመንጋጋዋ አውጥቼ ዓሣዋን ለውኃው ለቀቅኳት። ዘንጉን ዕቃ ቤቴ ሰቀልኩት። ዓሣ ይዞ ነበር ብዬ ብናገር ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ለምን ብቻውን?» ነው። የዚያ መልስ እኔ ነኝ። በቀብሩ ቀን እጄን ይዘሽ፣ «አባቴን ብቻውን ያልተዉት እርስዎ ነዎት» ስትዪኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ስትጽፊልኝ መለስኩልሽ፤ ስለ አየሩና ስለ ወንዙ ከፍታ። አንቺ ይህን ጥያቄ ይዘሽ ትተኚ እንደነበር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ይህንኑ ቃል ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። ዘንጉንና መንጠቆውን አስረክቤያለሁ፤ ሲጨርሱ ላንቺ ይልኩልሻል። መዝገቡን ያርሙት እንደሆነ አልነገሩኝም።

መጋቢት ላይ አጠገብሽ እንድቆም ጠይቀሽኝ ነበር። ያን የጠየቅሽው ይህን ከማወቅሽ በፊት ስለሆነ እንደ ጥያቄ አልቆጥረውም። ስለ መንጠቆውና ስለ ዕንቁላሉ ከላይ የጻፍኩት ምንም አልጎደለውም፤ ያለ እኔም ያስተምርሻል። የምትመጪበትን ሳምንት ብቻ አሳውቂኝ፤ ካልጠራሽኝ በዚያ ሳምንት ወደ ወንዙ አልወርድም። ምክንያት መጻፍ አይጠበቅብሽም።

አባትሽ ሊሞት አልወረደም። ዓሣ ሊይዝ ወረደ፣ ያዘም። ብቻውን እንዲወርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዌንዴል ክራውስ