ፍላሹ ላዩ ላይ ያለ የመሰለው ካሜራ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? ትንሿስ ስንት ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፌ ተመልሷል፣ እህልም እየቀመስኩ ነው። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ይህች ደብዳቤ ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች፤ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ወንድምሽ ካረፈ እነሆ ስምንተኛ ወሩ። የእሱን ፎቶ ቤት ዝጊው፣ ቁልፉን ለአከራዩ መልሺ፣ እዚያ መዋልሽ ቁስልሽን ይነካካዋል ያልሽኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለፈው ሳምንት ካሜራው ሲበላሽብኝ፣ እውነትሽን ነው፣ በቃ ይዘጋ ብዬም ነበር።

ለጉርድ ፎቶ ሰው አስቀምጬ ብጫን ብጫን የካሜራው የራሱ ትንሽ ፍላሽ አልነሣም አለ። ፎቶው ሁሉ ጨለመ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ለሙከራ ተቀምጣልኝ፣ እኔ ነኝ የጠቆርኩት ወይስ ካሜራሽ ነው ያኮረፈው እያለች ሳቀችብኝ። ወስጄ ለሬዲዮ ጠጋኙ ሰጠሁት።

ካሜራው አናት ላይ ትልቁ ፍላሽ ተንሸራቶ የሚገባበት ብረት አለ አይደል? በፈረንጅ አፍ ጫማ ይሉታል አለኝ። በአናቱ ጫማ የሚያደርግ ፍጥረት አይቼ አላውቅም አልኩት። በብረቱ ጠርዝ ከሰሊጥ የማትበልጥ ቁልፍ ነገር አለች። ትልቁ ፍላሽ ሲገባ ይጫናታል፤ ያኔ ካሜራው ትልቁ መጥቷል ብሎ ትንሹን እንዳይነሣ ይከለክለዋል። ያቺ ቁልፍ እንደተጫነች ቀርታለች። ትልቁን ፍላሽ አንቺ ለመታሰቢያ ይዘሽው ከሄድሽ ወራት አልፈዋል ብለው፣ ካሜራው ግን አሁንም ላዩ ላይ ያለ ይመስለዋል አለኝ።  እኔስ ወንድምሽ ሲገባ እንዳይቸገር ብዬ የበሩን መወርወሪያ ሳልዘጋ ስንት ሌሊት ተኝቻለሁ።

በምን ተጫነች ብሎ በመርፌ ሲፈልግ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የእኔን ክር! ካሜራውን አቧራ እንዳይነካው ከወንድምሽ ሸሚዝ ልብስ ሰፍቼለት፣ እንዳይወልቅ ጠርዙን እዚያ ብረት ውስጥ እየጠቀጠቅኩ አለብሰው ነበር። እማማ፣ ካሜራ እኮ አይበርደውም አለኝ። ክሩን መዞ ሲያወጣ ትንሹ ፍላሽ ብድግ አለ። ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ትልቅ ፍላሽም ሊመርቅልኝ ነበር፤ ለካ ከፍላሹ ሥር ያሉትን ከካሜራው ጋር የሚያገናኙትን ነጥቦች እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ልቡ ነው የሚደረድራቸው። ገብቶ ቁጭ አለ እንጂ ከካሜራው ጋር አልተግባባም። ይቅር፤ ለጉርድ ፎቶ ትንሹ ይበቃኛል።

ልጄ፣ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ አልመልስም። ቁስልሽን ይነካካዋል ላልሽው፣ አዎ ይነካካዋል። ቤት ስውል ግን ይብሳል። እዚህ ሰው መጥቶ ፊቴ ቁጭ ይላል፤ አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና ስለው ቀኑ ይመሻል። እንዲህ በያቸው ብሎ ያስተማረኝ ወንድምሽ ነው። አትቆጪኝ።

ባለቤትሽን ከባድ ዕቃ አታንሣ ብላሃለች በይልኝ። አማትሽን በአክብሮት ሳሚልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን። በመጣችሁ ጊዜ ሁላችሁንም ደርድሬ አነሣችኋለሁ፤ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ግን አልወድም።

እናትሽ
ከፎቶ ቤቱ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን