ስለ ገለባው ሰውና ስለ ባለቤቴ ሸሚዝ

ካርኪዳካም ወር 24 ቀን

ለፑሊያንካራ መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር
ለክብርት ወይዘሮ ራጃማ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሴቶች የጋራ አትክልት ቦታ ያለኝ መደብ ተወስዶ ለወይዘሮ ሱሎቻና እንዳይሰጥብኝ ስለ መጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

አመልካች ኦማና እባላለሁ። ምክር ቤቱ የመንደሩ ሰው ትኩስ አትክልት በቅርቡና በአቅሙ ያግኝ ብሎ ከድሮው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ጦም ያደረውን መሬት ለሴቶች ሲያከፋፍል፣ መደብ ከደረሳቸው አንዷ ነኝ። ያመረትነውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንሸጣለን። ባለፈው ሳምንት ግን የእኛ የአትክልተኞቹ ሴቶች ማኅበር ተሰብስቦ፣ የመከሩ በዓል ኦናም ሳይደርስ መደቤ ለጎረቤቴ ለሱሎቻና እንዲተላለፍ ወስኗል። የተሰጠው ምክንያት «የኦማና ዱባ አያድግም» የሚል ነው። ውሳኔው የሚጸናው በእርስዎ ፊርማ ስለሆነ፣ ብዕርዎን ከማንሳትዎ በፊት እንዲሰሙኝ ይህን አቤቱታ አቅርቤያለሁ።

1. ስለ ዱባው። እርስዎም እንደሚያውቁት ከዳስ ላይ እንደ እባብ ረዝሞ የሚንጠለጠለው የእባብ ዱባ ጫፉ ላይ ጠጠር ካልተንጠለጠለበት ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቀጥ ብሎ የሚረዝመው ጠጠሩ እየሳበው ነው። የሱሎቻና ዱባ ከዳሱ ቁልቁል ተደርድሮ ሲታይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያስጎመጃል። የእኔ ከእሷ ይርዘም ብዬ የእሷን ጠጠር እጥፍ የሚሆን ድንጋይ አሰርኩበት። ጠዋት ስደርስ ዱባዬ ከነድንጋዩ መሬት ላይ ተዘርሯል። በቀረውም ላይ በእልህ አሰርኩበት፤ ያው ሆነ። ሴቶቹ «እትዬ ኦማና፣ ዱባው ምን አጠፋና ነው የሰቀልሽው?» እያሉ ሲንከተከቱ ሱሎቻና አልሳቀችም። «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አሳይሻለሁ» አለችኝ። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

2. ስለ ገለባው ሰው። ፍሬው ባማረ መደብ ላይ የምቀኛ ዓይን መጀመሪያ እሱ ላይ እንዲያርፍ የገለባ ሰው ማቆም ልማዳችን ነው። ሱሎቻናም አቁማለች፤ መብቷ ነው። ነገር ግን፦

ሀ) ፊቱን ያዞረችው በቀጥታ ወደ እኔ መደብ ነው፤

ለ) የለበሰው ሰማያዊ ባለ ካሬ ሸሚዝ የባለቤቴ የዲቫካራን ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ የተከልኩለት እኔው ነኝ፤ ክሩ አይመሳሰልም።

ሸሚዙን ሳይ ክው አልኩ። ቤት ገብቼ ብጠይቀው «አሮጌ ሸሚዝ እኮ ነው! ለገለባው የሚሆን ጨርቅ አላችሁ ወይ አለችኝ፣ ሰጠኋት። ምን ነካሽ?» ይለኛል። ይህን ሲለኝ የሚያላምጠው የእሷን ዱባ ነበር። «ደግሞ አይመርም» ብሎ ጨመረልኝ። ክብርት ሆይ፣ ያንን ዱባ ከትፌ፣ ኮኮናት ፈቅፍቄ ያበሰልኩት እኔ ነኝ!

3. «ይህ ሁሉ ቅናት ነው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ግን የቀና ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም። የሱሎቻና ዱባ ከማማሩ የተነሳ ገና ሳይነጋ ባጃጅ መጥቶ ወደ ከተማ ሆቴሎች ይወስደዋል፤ ለቅዳሜው ገበያ የሚቀረው ትርፍራፊው ነው። እኔ ከዱባው ጎን የማበቅለው፣ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው ቀይ ቅጠል ግን ለመንገድ አይሆንም፤ ቀትር ሳይሞላ ይጠወልጋል። ስለዚህ የሚበላው እዚሁ መንደር ነው። ቢያቱማን ያውቋታል፣ ከመስጊዱ አጠገብ ያለችው አሮጊት። ጉልበቷ ከትምህርት ቤቱ በር አያልፍም፤ ከተማ ወርዳ ልትገዛ አትችልም። «ልጄ፣ ያንቺ ቅጠል ባይኖር ሩዜን በጨው ነበር የምውጠው» ትለኛለች። መደቤ ለሱሎቻና ከተሰጠ ቅጠሉ ተነቅሎ ዱባ ይተከልበታል፣ ዱባውም ባጃጅ ይሳፈራል። ቢያቱማስ ምን ልትበላ ነው?

ስለዚህ መደቤ በእጄ እንዲቆይልኝ፣ ዱባውንም ትቼ ቅጠሌን ብቻ እንዳለማ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዱባ ከእንግዲህ በቃኝ፤ በእሱ እሷን አልችላትም።

ሸሚዙ እንዲመለስልኝ ልጠይቅ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የገለባው ሰው ሸሚዙን እንደለበሰ ወደ እኔ መደብ ተዛውሮ በቀዩ ቅጠል መሃል እንዲቆም ይታዘዝልኝ። እስከ ዛሬ በእኔ መደብ ላይ የገለባ ሰው ያቆመልኝ የለም፤ ማንም፣ ባሌም ጭምር፣ የሚያስቀና ነገር አላየበትም። ፊቱን ወደ ሱሎቻና ያዙሩልኝ። አንድ ቅዳሜ እንኳ እሷም በእኔ ትቅና።

ቀና ውሳኔዎን በጉጉት እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ኦማና
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ዲቫካራን፣ ከእራታቸው ጋር የሚቀርብ