ቅርንጫፉ ጋራዡ በር ላይ ነው

አባዬ፣

ከሁሉ በፊት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ከጥዳቸው አንድ ቅርንጫፍ ቆርጫለሁ። ዛፉ አሁን አንድ ጎኑን የተላጨ ሰው መስሏል። ጥፋቱ ግን ያንተ ነው።

ከተለየኸን ነገ ዓመት ይሞላል። እማዬ መኪናህን ድራይቭ ማድረግ ተምራለች፤ ፍሪዌይ የምትገባው ግን ዓይኗን ጨፍና ይመስለኛል። ጋራዡ እንደተውከው ነው፤ የወይን በርሜልህም እዚያው።

በስደት የኖርክባት ቪየና፣ ከተማዋ ውስጥ የወይን እርሻ አለ፣ ለቃሚውም በትራም ይሄዳል ስትለኝ ውሸትህን መስሎኝ ነበር። አዲሱ ወይን ሲደርስ ባለቤቱ በሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰቅላል፤ የራሱን ወይን ያልጠመቀ ግን አይሰቅልም። «እኛ አገር ጠላ ቤት ጣሳ እንደሚሰቀለው ነው» ትለኝ ነበር። እዚህ ሰፈራችን ዌስት አዳምስ መጥተህም ሰቀልክ፤ ሰፈሩም ቅርንጫፉን ሲያይ ብርጭቆውን ይዞ መምጣት ለመደ።

ዘንድሮ ወይኑን የጨመቅኩት እኔ ነኝ። እንዳስተማርከኝ ጥቁሩንም ነጩንም፣ ጣፋጩንም ኮምጣጣውንም፣ በአንድ ቀን በአንድ ላይ። ሽማግሌዎችህ ግን መቼ ያስቀምጡኛል! ጓደኛህ ጋሼ ታደሰ ታክሲያቸውን በራችን ላይ ፓርክ አድርገው፣ ጌሾ ታቅፈው ከች። «ልጄ፣ ጌሾ የሌለው መጠጥ ጁስ ነው!» ማርም ይጨመርበት ባይ ናቸው። በርሜሉ የተረፈው የጋራዡን ቁልፍ ካልሲዬ ውስጥ ስለደበቅኩ ነው። እማዬ ደግሞ፣ «ለሙት ዓመቱ ሰው ይመጣል፤ ከኮመጠጠ ይደፋና ቢራ ይገዛል። ኦኬ?» አለችኝ።

ኦኬ አላልኩም። ትናንት በጣቴ ቀመስኩት፤ በጣቴ ብቻ፣ እውነቴን ነው። ምላስ ይቆነጥጣል። ያንተም ይቆነጥጥ ነበር፣ አባዬ፤ ማንም ደፍሮ አልነገረህም እንጂ። ስለዚህ አይደፋም። ነገ በስምህ የሚቀዳው እሱ ነው። ከርሞም እጨምቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያም። ይህ በር ቅርንጫፍ አያጣም፤ አንተም ከዚህ በር አትጠፋም።

ይህን የምጽፍልህ መሰላሉ ላይ ተቀምጬ፣ መዶሻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ምስማሩ ጠመመብኝ፤ ቅርንጫፉ ግን ተሰቅሏል። እትዬ አስካለ አሁን ተመለሱ። ዛፋቸውን አዩ። በራችንን አዩ። ቤት ገብተው ወጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደዚህ እየመጡ ነው፤ ፊታቸው ያስፈራል፣ እጃቸው ላይ ግን ብርጭቆ...

«አንቺ ምሕረት!»